ለእገሌ ወይም ለአሁኑ ነዋሪ

አሜሪካ ውስጥ የፖስታ ሳጥኑን የሚከፍት ሰው ፊት ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ነው፤ ግማሹ ተስፋ፣ ግማሹ ስልቹነት። የሚያገኘውም የታወቀ ነው። የፒዛ ቤት ኩፖን፣ «ጣሪያዎን እናድስልዎ» የሚል ካርድ፣ ስለ ጥርሳችን ከእኛ ይልቅ የሚጨነቅ ሐኪም፣ ለምክር ቤት የሚወዳደር ሰው ከነሚስቱ፣ ከነልጆቹና ከነውሻው የተነሣው ፎቶግራፍ፣ ከዚህ ሁሉ ሥር ተሸሽጎ ደግሞ የመብራት ሒሳብ። በቆሻሻ መጣያው አናት ላይ ቆሞ ይህን መለየት የስንቱ ቤተሰብ የማታ ሥራ ሆኗል። ሲልቨር ስፕሪንግ ያለው አበሻም ጎረቤቱ ሳልቫዶራዊም በየቋንቋቸው የሚሉት ያው ነው፤ «እነዚህ ሰዎች ወረቀት አያልቅባቸውም እንዴ?» እርግማኑ ከልብ ነው፤ አድራሻውን ግን ስቷል። ያ አይተን የምንጥለው ወረቀት ፖስተኛውን እስከ ደጃችን የሚያመጣውን ወጪ ከሚሸፍኑት ዋነኞች አንዱ ነው። በርካሽ መላኩም ሥራ ተሠርቶ የተገኘ ዋጋ እንጂ ውለታ ወይም አድልዎ አይደለም። የሚወቀስበት ነገር የለም ማለት ግን አይደለም። አለ፤ ወቀሳው የሚያርፍበት ቦታ ነው ሌላ።

ማስረጃው እዚያው የሚጣለው ወረቀት ላይ ታትሟል። ቴምብር ሊለጠፍበት በሚገባው ጥግ አንዲት ትንሽ አራት ማዕዘን አለች። በውስጧ ሦስት አራት መስመር ተጽፏል፤ ፖስታው አስቀድሞ የተለየ መሆኑ፣ ክፍያው መፈጸሙ፣ የከተማው ስም፣ የላኪው የፈቃድ ቁጥር። ይህችን አራት ማዕዘን አንብቦ የሚያውቅ ሰው ጥቂት ነው። በጁላይ 2025 አንድ ተራ ደብዳቤ በቴምብር ለመላክ 78 ሳንቲም ይጠየቅ ነበር (እዚህ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያኑ አቆጣጠር ናቸው)። አራት ማዕዘኗን የያዘው ወረቀት ግን እንደ አዘገጃጀቱ በዚያ ግማሽ፣ አንዳንዴም ከግማሽ ባነሰ ዋጋ ይሄዳል። ቅናሹን የሚፈልግ ላኪ በአንድ ጊዜ ቢያንስ 200 ፍሬ ወይም 50 ፓውንድ የሚመዝን ወረቀት ይዞ መቅረብ አለበት። ብዛት ብቻውን ደግሞ አይበቃም። ወረቀቱ በዚፕ ኮድ ቅደም ተከተል ይደረደራል፣ በፕላስቲክ ትሪ ይሞላል፣ በእያንዳንዱ ትሪ ላይ የሚሄድበት ቦታ ይለጠፋል፣ ከሁሉም ጋር የሚሄድ ቅጽ ይሞላል። የተሻለ ቅናሽ የሚሻ ባርኮድ ያትምበታል። ከዚያም የበለጠ የሚሻ ወረቀቱን ፖስተኛው በሚራመድበት ተራ፣ ከመንገዱ የመጀመሪያ ቤት እስከ መጨረሻው ቤት አሰልፎ ያስረክባል። ይህን ሁሉ ላኪው ባይሠራው ደመወዝ እየተከፈለው የሚሠራው የፖስታ ቤቱ ሠራተኛ ነበር። ዚፕ ኮድ ራሱ በጁላይ 1963 ሲጀመር ተራው ሰው በአምስት አኃዝ መቆጠሩ አልጣመውም ነበር፤ በ1967 ግን የጅምላ ላኪዎች ወረቀታቸውን በዚያ ቁጥር እንዲለዩ ግዴታ ሆነና አሠራሩ በእነሱ ጫንቃ ላይ ጸና። ከ1970ዎቹ አጋማሽ ወዲህ ደግሞ ቅናሹ በግልጽ ከተሠራው ሥራ ጋር ተያያዘ፤ የእኔን ድካም ከቀነስህልኝ ከሒሳብህ እቀንስልሃለሁ ማለት ነው። ሱፐርማርኬቱ የገዛነውን ዕቃ ራሳችን በማሽን አንብበን፣ ራሳችን ከረጢት ውስጥ ከትተን፣ ራሳችን እንድንከፍል ካደረገን በኋላ አምስት ሳንቲም እንኳ አይቀንስም። ከሁለቱ ጨዋው ማን እንደሆነ መፍረድ አያስቸግርም።

ቅናሹ የራሱ ውርደት አለበት። ባለ ሙሉ ዋጋው ደብዳቤ ተቀባዩ ቤት ቢቀይር ተከትሎት ይሄዳል፤ ካላገኘውም ወደ ላኪው ይመለሳል። ርካሹ ወረቀት ይህ ክብር የለውም። ላኪው አስቀድሞ ለይቶ ካልጠየቀ በቀር ባለቤቱን ያጣ ወረቀት እዚያው ፖስታ ቤት ይጣላል፤ መርዶውም ለላኪው አይደርስም። «ወይም ለአሁኑ ነዋሪ» የምትለዋ ሐረግ የተፈለሰፈችው ይህን ሞት ለማምለጥ ነው፤ እገሌ ቢሄድ ቤቱ የትም አይሄድም። የሚደርስበት ቀንም ዋስትና የለውም፤ ሥራ ሲበዛ ቆይ የሚባለው እሱ ነው። የምርጫ ሰሞን ቅስቀሳ ብቻ ትሪው ላይ ቀይ መለያ ታስሮለት ትንሽ ይከበራል፤ ከምርጫው ማግስት የሚደርስ የዕጩ ፎቶግራፍ ለማንም አይጠቅምምና። ከደንቦቹ ሁሉ የሚያስቀው ግን የይዘቱ ነው። ሒሳብ መጠየቂያ፣ የግል መልእክት፣ በእጅ የተጻፈ ደብዳቤ በዚህ ዋጋ አይሄድም። ስም መጥራት ይፈቀዳል፣ ከሚሸጠው ነገር ጋር ያልተያያዘ የግል ጉዳይ ማንሳት ግን አይፈቀድም። «ውድ ወይዘሮ አልማዝ» ብሎ የሚጀምረው፣ ሰፈራቸውን የሚያውቀው፣ በፈገግታ የታጀበው ደብዳቤ ስለ ወይዘሮ አልማዝ ምንም እንዳይናገር በሕግ የታሰረ ነው። ፍቅሩ የእውነት ቢሆን ሙሉ የቴምብር ዋጋ ያስከፍለው ነበር።

ስለ ስም ከተነሣ ላኪዎቹም የሚያለቅሱበት ነገር አለ። ለእያንዳንዱ ፍሬ ስለሚከፍሉ ያንኑ ወረቀት ለአንድ ቤት ሁለት ጊዜ መላክ ኪሳራ ነው። ስለዚህ ዝርዝሮችን እያመሳከሩ ድግግሞሹን የሚያጠፉ ፕሮግራሞች አሏቸው፤ ቤተሰብን ከሚያውቁባቸው መንገዶች አንዱ ደግሞ አድራሻና የቤተሰብ ስም አንድ መሆኑ ነው። እዚህ ላይ የእኛ አሰያየም ይገባበታል። አቶ ከበደ ወልዴ፣ ባለቤታቸው ወይዘሮ አልማዝ ተሰማና ልጃቸው ሄኖክ ከበደ በአንድ ጣሪያ ሥር ይኖራሉ፤ በኮምፒውተሩ ዓይን ግን ባል፣ ሚስትና ልጅ በዕጣ አንድ አፓርታማ የደረሳቸው ሦስት ባዕዳን ናቸው። ወልዴ፣ ተሰማ፣ ከበደ። ያው የአልጋ ልብስ ካታሎግ ሦስት ሆኖ ይመጣል። አቶ ከበደ «ምን ዓይነት ብክነት ነው!» ሲሉ እውነታቸውን ነው፤ ከእሳቸው እኩል የተቃጠለው ግን ሦስቴ የከፈለው ነጋዴ ነው።

ቅናሹን የነጋዴ ብልጠት አድርጎ የሚያይ ሰው ታሪኩን ቢያውቅ ይገረማል። ጆርጅ ዋሽንግተን በፌብሩዋሪ 20 ቀን 1792 የፈረመው የፖስታ ሕግ ለአንድ ቅጠል ደብዳቤ እንደ ርቀቱ ከ6 እስከ 25 ሳንቲም ያስከፍል ነበር። ጋዜጣ ግን ምንም ያህል ቢከብድ እስከ 100 ማይል 1 ሳንቲም፣ ከዚያ በላይ አንድ ሳንቲም ተኩል ብቻ ይከፈልበታል። አታሚዎች እርስ በርስ የሚለዋወጡት ጋዜጣ ደግሞ ጭራሽ በነጻ ይጓዝ ነበር። ደብዳቤው ሁለት ቅጠል ከሆነ ዋጋው እጥፍ ስለሆነ ሰዎች አንዱን ቅጠል አግድም ጽፈው ሲጨርሱ አዙረው ቁልቁል ይጽፉበት ነበር። ባጭሩ ነጋዴውና ፍቅረኛው የጋዜጣውን መጓጓዣ ይከፍሉ ነበር። ይህም ታስቦበት የተደረገ ነው፤ በሰፊ አገር የተበተነ ሕዝብ መንግሥቱ የሚሠራውን ካላወቀ ሪፐብሊኩ አይዘልቅም የሚል ስሌት ነበር። ከጋዜጣው ጀርባ ሌላው የታተመ ነገር ተከተለ። በ1863 ፖስታ በመደብ ተከፈለ፣ በ1879 መደቦቹ አራት ሆኑ፣ በ1928 የጅምላ ዋጋ ተለይቶ ወጣ፣ በ1951 ለትርፍ ያልቆሙ ድርጅቶች የራሳቸው ቅናሽ ተሰጣቸው።

በዚህ ታሪክ ውስጥ ግን አንድ ሌሊት አለ፤ ስለ ጅምላ ፖስታ የሚከራከር ሁሉ ሊያውቀው ይገባል። በ1835 ኒው ዮርክ የነበረው የአሜሪካ ፀረ ባርነት ማኅበር በሺህ የሚቆጠሩ ጽሑፎች አሳትሞ በደቡብ ላሉ ቄሶች፣ ሹማምንትና ታዋቂ ሰዎች በፖስታ ላከ። ተቀባዮቹ አልጠየቁም፣ ላኪውን አያውቁትም፣ ስማቸው የተገኘው ከዝርዝር ነው። ዛሬ ጃንክ ሜይል (ያልተጠየቀ የማስታወቂያ ፖስታ) ስንል የምንዘረዝረው ወንጀል አንድም አልጎደለውም። ጭነቱ ሳውዝ ካሮላይና ቻርለስተን ሲደርስ በጁላይ 29 ሌሊት የተቆጣ ሕዝብ ፖስታ ቤቱን ሰብሮ ገባ፤ በማግስቱም ጽሑፉን በአደባባይ አቃጠለው። የፖስታው ሚኒስትር ኤሞስ ኬንደል የየከተማውን ፖስታ ኃላፊዎች አድሉ ብሎ አላስገደደም። ፕሬዚዳንት አንድሩ ጃክሰን እንዲህ ያለ ጽሑፍ ወደ ደቡብ እንዳይላክ የሚከለክል ሕግ ይውጣ ብለው ጠየቁ፤ ምክር ቤቱ አላወጣውም። በተቃራኒው በ1836 የወጣው የፖስታ ሕግ ሆን ብሎ ፖስታ የሚያስቀር ኃላፊ እንዲቀጣ ደነገገ። ደቡቦች ሕጉን ከቁጥር ሳይጥፉት ለዓመታት ኖረዋል፤ የተነሣው ጥያቄ ግን ዛሬም ያው ነው። «ሳንጠይቅ ማን ላከብን?» የሚለው እሮሮ ከባሪያ አሳዳሪ አፍም፣ በኩፖን ከተሰላቸ ሰው አፍም እኩል ይወጣል። ስለዚህ ወረቀቱ ይድረስ አይድረስ የሚለውን የሚወስን ማነው? የተቆጣው ሕዝብ? ፖስታ ቤቱ? ወይስ በሩ ላይ ወረቀቱ የተጣለበት ሰው ራሱ? ይህን ጥያቄ በእጃችን እንያዘው፤ መልስ ያገኘው ከ135 ዓመት በኋላ ነው።

የመጀመሪያው ተቃውሞ የገንዘብ ነው፤ «እኛ በሙሉ ዋጋ እየላክን የእነሱን ቅናሽ እየደጎምን ነው» ይላል። ሒሳቡ ግን ሌላ ነው። የአሜሪካ ፖስታ አገልግሎት ከ1971 ወዲህ ራሱን ችሎ እንዲተዳደር የተደረገ መሥሪያ ቤት ነው፤ ዋና ገቢው ከግብር ሳይሆን ከሚሸጠው አገልግሎት ይመጣል። ከ160 ሚሊዮን በላይ አድራሻ አለው፤ በሳምንት ስድስት ቀን ይዞራል። የፖስተኛው እግር፣ መኪናውና ነዳጁ ለአንድ ቤት አንድ ፖስታ ቢያደርስም አምስት ቢያደርስም ብዙ አይለወጥም። በ2001 ከ103 ቢሊዮን በላይ የነበረው የአንደኛ መደብ ደብዳቤ በ2024 ወደ 44 ቢሊዮን ገደማ ወርዷል። በዚያው ዓመት የማስታወቂያው ፖስታ 57 ቢሊዮን ያህል ፍሬ ሆኖ ከ15 ቢሊዮን ዶላር በላይ አስገብቷል። ነገሩ እንደ ሚኒባስ ታክሲ ነው፤ ካልሞላ አይንቀሳቀስም። አጠገባችን ዶሮ ታቅፎ የተቀመጠው መንገደኛ ላይጥመን ይችላል፤ ከመገናኛ የተነሣነው ግን እሱ ቦታውን ስለሞላው ነው። ካልሞላ ምን እንደሚሆን ዴንማርክ አሳይታናለች። እዚያ ደብዳቤ ከ2000 ወዲህ ከ90 በመቶ በላይ ስለቀነሰ ከ1624 ጀምሮ ሲወርድ ሲዋረድ የመጣው የመንግሥት ፖስታ በ2025 መጨረሻ ደብዳቤ ማደሉን አቆመ፤ ቀያዮቹ ሳጥኖችም ከየመንገዱ ተነቀሉ። ዴንማርኮች ከመንግሥት ጋር ያላቸውን ጉዳይ ሁሉ በኮምፒውተር ስለሚጨርሱ ነው የሚል ካለ ልክ ነው፤ ሰበቡ ማስታወቂያ መጉደሉ አይደለም። ትምህርቱ ግን አይለወጥም፤ በሩ ድረስ መሄድ የሚያዋጣው የሚደርስ ነገር ሲኖር ነው። አንድ ነገር ግን ለተቃዋሚው መልቀቅ ተገቢ ነው። ወፍራሙ ካታሎግ ለዓመታት የራሱን ወጪ እንኳ መሸፈን አቅቶታል። ደብዳቤ መሰሉ ማስታወቂያ ራሱን ችሎ ለሌላውም ሲተርፍ ካታሎጉ በሰው ትከሻ ነው የሚሄደው። ለአልጋ ልብሱ ነጋዴ ዋጋ ይጨመርበት ቢባል የሚያለቅስለት አይኖርም።

«እንግዲያው በሁሉም ላይ ይጨመርና ወረቀቱ ይቀንስ፤ ዛፉም ይትረፍ» የሚለው ሁለተኛው ተቃውሞ ከበድ ይላል። ወረቀት ከዛፍ ነው፣ ማተሚያ ቤት ኃይል ይበላል፣ ሳይነበብ የሚጣለውም ብዙ ነው። ይህን መካድ አይቻልም። ግን ዋጋ ሲጨምር መጀመሪያ የሚወድቀው ማነው? ትልቁ የመኪና ኩባንያ ቴሌቪዥን አለው፤ ትልቁ የኢንሹራንስ ድርጅት ስልካችንን፣ ኮምፒውተራችንንና የስታዲየሙን ስም ሳይቀር ገዝቷል። የሚወድቀው ትንሹ ነው። ከ2011 ጀምሮ ፖስታ ቤቱ ስምም የአድራሻ ዝርዝርም የማይጠይቅ አሠራር አለው። አዲስ ምግብ ቤት የከፈተ ሰው በኮምፒውተር ካርታ ላይ በዙሪያው ያሉትን የፖስተኛ መስመሮች ይመርጣል፤ ከዚያ ካርዶቹን ሃምሳ ሃምሳ ወይም መቶ መቶ አድርጎ በላስቲክ ያስራል፣ የእያንዳንዱን መስመር መለያ ወረቀት ከላይ ያደርጋል፣ ወደ ሰፈሩ ፖስታ ቤት ተሸክሞ ይሄዳል። ከ200 ጀምሮ በአንድ ዚፕ ኮድ በቀን እስከ 5,000 ይፈቀድለታል፤ የአንዱ ዋጋ ከሩብ ዶላር ብዙም አይርቅም። በአሌክሳንድሪያ ወይም በኦክላንድ ክትፎና ቡና ይዞ የተነሣ ሰው ለማያውቁት ጎረቤቶቹ «መጥቻለሁ» የሚልበት ከዚህ የረከሰ የወረቀት መንገድ የለውም። ለትርፍ ያልቆሙት ደግሞ አሉ፤ ቤተ ክርስቲያን፣ መስጊድ፣ የማኅበረሰብ ማዕከል። የእነሱ የማስታወቂያ ፖስታ ዋጋ በአማካይ ከንግዱ 60 በመቶ እንዲሆን በሕግ ተወስኗል።

ስለ ዛፉም ቢሆን አንድ ነገር ይታሰብ። ወረቀት ስለሚያስከፍል ላኪው ያስባል፤ ይህ ሰው በእርግጥ ጣሪያ አለው ወይስ አፓርታማ ውስጥ ስድስተኛ ፎቅ ነው ብሎ ይጠይቃል። ሁልጊዜ በትክክል አይመልስም፤ ቢሆንም ጥያቄው ገንዘብ ስላለበት ይጠየቃል። መላክ ነጻ ሲሆን ማን ያስባል? የኢሜይል ሳጥኑን ከፍቶ የማያውቃቸው ባለጸጎች ውርስ ሊያካፍሉት የሚለምኑትን ሰው መጠየቅ ይበቃል። አገር ቤት ደግሞ፣ ከ1894 ጀምሮ ፖስታ ቢኖርም፣ ደብዳቤ ባለ አድራሻውን የሚጠብቀው በፖስታ ሣጥን ቁጥር እንጂ በየቤቱ የሚያድል ፖስተኛ ልማድ ስላልሆነ፣ የጅምላ መልእክቱ ሥራ ለሞባይል ተላልፏል። ከአጭር ቁጥር የሚመጣው የሎተሪ፣ የጥቅስና የጤና ምክር መልእክት እንቅልፍም ቅዳሴም አይመርጥም፤ ከዚያ ለመውጣት «ስቶፕ» ብሎ የሚልከው ሰው ጭንቀት ራሱን የቻለ ወግ ነው። ወረቀቱ ቢያንስ ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ትራስ ሥር አይንጫጫም።

ሦስተኛው ተቃውሞ ቀልድ አይወድም። ከዚህ ወረቀት መካከል የሚያታልል አለ፤ የሚታለሉትም በአብዛኛው አረጋውያን ናቸው። ደብዳቤ በክብር በሚታይበት ዘመን ያደጉ እናትና አባት «ባስቸኳይ ይከፈት» ተብሎ በቀይ የታተመበት፣ ንስር የተሣለበት፣ የመንግሥት የሚመስል ፖስታ ሲመጣ ይደነግጣሉ። በዋሽንግተን ዲሲ ደግሞ በ2004 በወጣው የቋንቋ ሕግ መሠረት የከተማው መሥሪያ ቤቶች አስፈላጊ ሰነዶችን በአማርኛም ስለሚያዘጋጁ እውነተኛውን ከሐሰተኛው መለየት አንዳንዴ ለልጆቹም ያታክታል። የፌዴራሉ ምክር ቤት በ1999 መንግሥት መስሎ የሚጻፍን ማስታወቂያና «አሸንፈዋል» እያለ የሚያማልለውን የዕጣ ወረቀት የሚገታ ሕግ አውጥቷል፤ በፖስታ ማጭበርበር ራሱ ከ1872 ጀምሮ የፌዴራል ወንጀል ነው። ሕጉ ሁሉንም አላቆመም። ሆኖም ከሌላው ጋር ሲነጻጸር የፖስታው አታላይ ዱካ አለው፤ ያች አራት ማዕዘን የፈቃድ ቁጥር ይዛለች፣ ቁጥሩ የተመዘገበ ሰው አለው፣ መርማሪም አለ። የባንክ ሠራተኛ ነኝ ብሎ የሚደውለው ድምፅ ግን ምን ጥግ ላይ ቁጥሩን አትሟል? ለአረጋውያን መፍትሔው ቅናሹን ማጥፋት ቢሆን ኖሮ አታላዩ በሙሉ ዋጋ ይልክ ነበር፤ ከሚዘርፈው ጋር ሲተያይ የቴምብር ዋጋ ምንድን ነው?

አሁን ወቀሳው ወደሚያርፍበት ቦታ ደርሰናል። ያንን የ1835 ጥያቄ የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1970 ሮዋን በተባለ መዝገብ መለሰው። ምክር ቤቱ በ1967 ባወጣው ሕግ አንድ ሰው ወሲብ ቀስቃሽ ሆኖ ያገኘውን ማስታወቂያ ላኪው ዳግመኛ እንዳይልክበት በፖስታ ቤቱ በኩል ማዘዝ ይችላል። ላኪዎቹ «ሐሳብን የመግለጽ መብታችን ተነካ» ብለው ተከራከሩና ተሸነፉ፤ የመናገር መብት የሰውን በር ሰብሮ መግባትን አይጨምርም ተባሉ። የሚያስደንቀው፣ ቀስቃሽ ነው አይደለም የሚለውን የሚፈርደው ተቀባዩ ብቻ መሆኑ ነው። ፖስታ ቤቱ «ይህ ምኑ ያነሣሣል?» ብሎ መጠየቅ አይችልም። ስለዚህ አቶ ከበደ ቁጥሩ 1500 የሆነውን ቅጽ ሞልተው የአልጋ ልብሱ ካታሎግ ስሜታቸውን ክፉኛ እንደሚቀሰቅስ ቢገልጹ፣ ፖስታ ቤቱ ሳይስቅ መቀበል፣ ነጋዴውም ትእዛዙ በደረሰው በ30 ቀን ውስጥ ስማቸውን ከዝርዝሩ መፋቅ አለበት። ሕጉ የቤቱን ባለቤት ይህን ያህል ያምነዋል። ታዲያ አንድ ጨዋ ሰው የአልጋ ልብስ ላለመቀበል ስለ ራሱ እንዲህ ያለ ነገር በፊርማው እንዲያረጋግጥ ለምን ይገደዳል? የማስታወቂያ ስልክ እንዳይደወልበት የሚፈልግ ሰው ከ2003 ጀምሮ የሚመዘገብበት አገራዊ መዝገብ አለ፤ ለፖስታ ግን እንዲህ ያለ የመንግሥት መዝገብ አሜሪካ የላትም። ሆላንድ ያሉ ወገኖቻችን በራቸው ላይ ትንሽ ተለጣፊ ይለጥፋሉ፣ ይከበርላቸዋል። አምስተርዳም ከ2018 ወዲህ ነገሩን ገልብጣዋለች፤ ስም የሌለው ማስታወቂያ የሚገባው «እፈልጋለሁ» የሚል ተለጣፊ ወዳለበት ቤት ብቻ ነው። የጅምላው ፖስታ እውነተኛ ጥፋት ዋጋው አይደለም፣ ብዛቱም አይደለም። ቅናሹን በደንብ ያደራጀ አገር እምቢታን ግን ለተቀባዩ አላደራጀለትም። ላኪው ቅናሹን የሚያገኘው 200 ፍሬ ሲያቀርብ ነው፤ ተቀባዩ ለአንድ እምቢታ ያንኑ ያህል ይለፋል።

«እምቢታው ቀላል ከሆነ ሁሉም እምቢ ይልና ያ የሞላው ታክሲ ባዶ ይቀራል» የሚል ይኖራል። ያሰጋል፣ ግን ብዙ አይመስልም። ኩፖን ቆርጠው የሚያስቀምጡ አሉ፣ ካታሎግ ከቡና ጋር የሚያገላብጡ አሉ፣ የሰፈራቸው ምርጫ መቼ እንደሆነ ያወቁት ከዚያ ከነውሻው ከተነሣው ሰው ካርድ የሆነ አሉ። ደግሞም የማይፈልግ ሰው ቤት የማይሄድ ወረቀት ለላኪው ትርፍ እንጂ ኪሳራ አይደለም። የሚጎዳው ብዛቱን ብቻ የሚቆጥር አታሚ ነው፤ እሱ ደግሞ ሌላ ሥራ አያጣም።

ስለዚህ ቅናሹ ይቆይ፤ ካታሎጉ የራሱን ይክፈል፤ እንደ ስልኩ ሁሉ ለፖስታውም አንድ አገራዊ የእምቢታ መዝገብ ይከፈት። እስከዚያው ድረስ ግን በየከተማው ላላችሁ የማኅበርና የቤተ ክርስቲያን ጸሐፊዎች አንድ ቃል። ለበዓልና ለሕንፃ መዋጮ የምትልኩትን ደብዳቤ ሦስትና አራት መቶውን በሙሉ ቴምብር እየለጠፋችሁ ከሆነ የምእመናኑን ገንዘብ እያባከናችሁ ነው። ለትርፍ ያልቆመ ድርጅት የቅናሽ ፈቃድ የሚጠይቅበት ቅጽ ቁጥሩ 3624 ነው፤ ከሰፈራችሁ ፖስታ ቤት ጠይቁ። ከመላካችሁ በፊት ባሉት 95 ቀናት ውስጥ አድራሻዎቹን ከፖስታ ቤቱ የዝውውር መዝገብ ጋር ማመሳከር ግዴታ ነው፤ ዝርዝሩን ስታጸዱም ባልና ሚስቱን በአንድ መስመር ጻፏቸው።